የላቦራቶሪ የመስታወት ዕቃዎችን በደረቅ ሙቀት ከትኩሳት አስነሺ መርዝ ስለማጽዳት

1. መግቢያ

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ላቦራቶሪ ሊጎበኙ ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «እናንተ አንዱን ብልቃጥ ስንት ጊዜ አጥባችሁ፣ እንደገና ግማሽ ቀን ምድጃ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። እኛ ግን የክትባት መርፌውን ቀቅለን እንሠራበታለን። መቀቀል የሚበቃ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የማይበቃ ከሆነስ እኛ ምን እናድርግ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በአጭሩ እንዲህ ነው። መቀቀል አብዛኞቹን ተሐዋስያን ይገድላል፤ አንዳንዶቹ ተሐዋስያን ሞተው የሚተዉትን መርዝ ግን አያጠፋም። እባብ ቢሞትም መርዙ በጥርሱ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፣ ብዙ ባክቴሪያዎችም ከሞቱ በኋላ ትኩሳት የሚያስነሣው የአካላቸው ክፍል በዕቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንድ ማኅበር የአባላቱን በጎች ሰብስቦ ካስከተበ በኋላ በጎቹ ቢንቀጠቀጡ፣ መኖ ቢተዉና ጥቂቶቹ ቢወድቁ፣ ወሬው በገበያ ቀን አገሩን ያዳርሳል። በሚቀጥለው የክትባት ዘመቻ ከብቱን ይዞ የሚመጣ ገበሬ አይገኝም። ከዚያ በኋላ በሽታው ራሱ ሲገባ የሚደርሰው ጥፋት ከመጀመሪያው እጅግ የበለጠ ይሆናል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የዚህን መርዝ ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

2. ትኩሳት አስነሺው መርዝ ምንድን ነው?

ባክቴሪያዎች በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። ክፍፍሉ የመጣው ዴንማርካዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው የቀለም መፈተኛ ዘዴ ነው። ወይን ጠጅ ቀለሙን ይዘው የሚቀሩት ግራም ፖዚቲቭ፣ ቀለሙን የሚለቁት ደግሞ ግራም ኔጋቲቭ ይባላሉ። በእበት፣ በአፈርና በረጋ ውሃ ውስጥ የሚገኙት እንደ ኢኮላይ፣ ሳልሞኔላና ሱዶሞናስ ያሉት ከግራም ኔጋቲቮቹ ወገን ናቸው።

የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ውጫዊ ሽፋን ከስብና ከስኳር በተገጣጠመ ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር ኢንዶቶክሲን ይባላል። ባክቴሪያው በሕይወት እያለ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል፤ ሲሞትና ሲፈራርስ ደግሞ በብዛት ይለቀዋል። ከሁለቱ ክፍሎች መርዛማው የስቡ ክፍል ሲሆን፣ እርሱም ሙቀትን አጥብቆ የሚቋቋም ነው።

ኢንዶቶክሲን በአፍ ቢገባ ብዙ ጉዳት አያደርስም። የጤነኛ ላም ሆድ ዕቃ ሁልጊዜ በግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። አደጋው የሚመጣው በመርፌ አማካይነት ወደ ሥጋ ወይም ወደ ደም ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት የገባበት መስሎት ይነሣል፤ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መፍጠንና ድካም ይከተላሉ። መጠኑ ከበዛም የደም ዝውውር ደክሞ እንስሳው ሊሞት ይችላል። ፈረስ፣ በግ፣ ፍየልና የቀንድ ከብት በቀላሉ የሚጠቁ ሲሆኑ፣ ዶሮ ግን በአንጻሩ የተሻለ ትቋቋመዋለች።

ጉዳት ለማድረስ የሚበቃው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ለሰው በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የተወሰነው ጣሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 5 የኢንዶቶክሲን ዩኒት ነው። አንድ ዩኒት ማለት አንድ ግራም ለአሥር ቢሊዮን ቢከፈል የሚገኘውን አንድ ክፋይ ያህላል። እንዲህ ያለውን መጠን በዓይን ማየት፣ በአፍንጫ ማሽተት ወይም በምላስ መለየት አይቻልም። ጠርሙሱ እንደ መስተዋት እያበራ መርዙ ግን በላዩ ላይ ሊኖር ይችላል።

ነገሩ የታወቀው በመርፌ በሚሰጥ ውሃ ምክንያት ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት ሕሙማን በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ መድኃኒት በመርፌ ከወሰዱ በኋላ በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ መንስኤው ግን አይታወቅም ነበር። አሜሪካዊቷ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ፍሎረንስ ሴይበርት እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣችው ሥራ፣ ትኩሳቱን የሚያስነሣው መድኃኒቱ ሳይሆን በተጣራው ውሃ ውስጥ የበቀሉ ባክቴሪያዎች የሚተዉት ነገር መሆኑን አሳየች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም አልተለወጠም፤ የተጣራ ውሃም ቢሆን ቆሞ ከዋለና ካደረ ባክቴሪያ ያበቅላል።

3. መቀቀልና እንፋሎት ለምን አይበቁም?

በባሕር ወለል ደረጃ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በደጋ አገር ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ከዚያ ባነሰ ሙቀት ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ እንደ ሆለታ ባለ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ማብዛት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም።

ይህ ሙቀት ብዙዎቹን በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ይገድላል። እንደ አባ ሰንጋ ባክቴሪያ ያሉት የሚሠሩትን ጠንካራ የመቆያ ዘር፣ ማለትም ስፖር፣ በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ኢንዶቶክሲንን ደግሞ ጨርሶ አይነካም ለማለት ይቻላል።

አውቶክሌቭ የሚባለው የእንፋሎት ግፊት ማሽን ከመቀቀል እጅግ ይሻላል። በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ሲሠራ ስፖርን ጭምር ይገድላል። ነገር ግን በዚህም ጊዜ አብዛኛው ኢንዶቶክሲን ሳይጠፋ ይቀራል። በዚህ ላይ በደጋ ያሉ ላቦራቶሪዎች ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ነገር አለ። የማሽኑ መለኪያ በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ በባሕር ወለል ላይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ይሆናል፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ 19 ፓውንድ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ማሽኑ የሚፈቅደውን የግፊት ወሰን ሳያልፉ፣ በግፊት መለኪያው ብቻ ሳይሆን በቴርሞሜትሩ መመራት ያስፈልጋል።

ማጣሪያም ቢሆን መፍትሔ አይሆንም። ባክቴሪያን የሚያስቀር ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ተሐዋሱን ይይዛል፤ ከተሐዋሱ የተለየው መርዝ ግን ከውሃው ጋር አብሮ ያልፋል።

እንግዲህ ለመስታወት ዕቃ አስተማማኙ መንገድ ደረቅ ሙቀት ነው። በደረቅ ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ መርዙ ይቃጠላል፤ ተሰባብሮም መርዝነቱን ያጣል። ድስት ላይ የተጣበቀ ቅባት በውሃ ብዛት ሳይለቅ በእሳት ሲግል ነድዶ እንደሚጠፋ ማለት ነው። የደረቅ ምድጃ ሌላው ጥቅም የቦታ ከፍታ ሙቀቱን የማይቀንስበት መሆኑ ነው። 250 ዲግሪ በቆላም በደጋም ያው 250 ዲግሪ ነው።

4. ለየትኛው ሥራ የትኛው ሙቀት?

ሁሉም ዕቃ በ250 ዲግሪ መጋገር የለበትም። ነዳጅ፣ መብራትና ጊዜ እንዳይባክን ሥራውን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሀ) ከሕያው ተሐዋስ ብቻ መጽዳት ያለባቸው ዕቃዎች፦ ለምሳሌ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ዘር የሚለወሰውን የራይዞቢየም ባክቴሪያ ለማራባት የሚያገለግሉ ብልቃጦች፣ ፔትሪ ዲሾችና ፒፔቶች ናቸው። እነዚህ በደረቅ ምድጃ በ160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት፣ ወይም በ170 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ቢቆዩ ይበቃል። ራይዞቢየም ራሱ ግራም ኔጋቲቭ ስለሆነ የራሱ ኢንዶቶክሲን አለው። ነገር ግን ወደ ዘርና ወደ ሥር የሚሄድ እንጂ በመርፌ የሚሰጥ ባለመሆኑ ከዚህ በኩል ሥጋት የለም። እዚህ የሚፈራው ሌላ ሕያው ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ገብቶ ራይዞቢየሙን አፍኖ እንዳያጠፋው ነው።

ለ) ከመርዙም መጽዳት ያለባቸው ዕቃዎች፦ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወይም የክትባት መበጥበጫ የሚሞላባቸው ብልቃጦች፣ እንዲሁም ኢንዶቶክሲን ለመመርመር የሚያገለግሉ የመፈተኛ ቱቦዎች ናቸው። ለእነዚህ ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ልክ 250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለጥንቃቄ ሲሉ ጊዜውን ከዚህ ያስረዝሙታል።

5. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሀ) ማጠብ። ዕቃው ከተሠራበት በኋላ ሳይደርቅ በሳሙና ይታጠባል። ሳሙናው እስኪለቅ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የቀረ ሳሙና ወይም ቆሻሻ በምድጃው ውስጥ ነድዶ በመስታወቱ ላይ ይጋገራል። ከመጠን በላይ የቆሸሸ ዕቃ በምድጃ ይጸዳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ደረቅ ሙቀት የመርዙን መጠን ወደ አንድ ሺህኛ ያወርዳል ተብሎ ይታሰባል፤ መነሻው ብዙ ከሆነ የአንድ ሺህኛው ተራፊም ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ለ) ማድረቅ። ዕቃው ተደፍቶ ወዲያውኑ ይደርቃል። እርጥብ ዕቃ ለነገ ማሳደር ባክቴሪያ እንደ መዝራት ይቆጠራል።

ሐ) መሸፈን። የዕቃው አፍ በድርብ አልሙኒየም ፎይል ይሸፈናል። ጥጥ፣ ወረቀት፣ ጎማና ፕላስቲክ ወደዚህ ምድጃ ፈጽሞ አይገቡም። ጥጥና ወረቀት በ160 እና በ170 ዲግሪ ይችላሉ፤ ከ180 ዲግሪ በላይ ግን ይጠቁራሉ፤ በ250 ዲግሪ እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። የጎማ ክዳኖች ለብቻቸው በሌላ ዘዴ ይዘጋጃሉ።

መ) መምረጥ። ሙቀት የሚችለው ቦሮሲሊኬት የሚባለው የላቦራቶሪ መስታወት ነው። ተራ የለስላሳ መጠጥ ወይም የማር ጠርሙስ ሙቀቱ ሲለዋወጥበት ይሰነጠቃል። የልክ መስመር ያለባቸው ትክክለኛ የመለኪያ ብልቃጦች በከፍተኛ ሙቀት ልካቸው ሊዛባ ስለሚችል አይጋገሩም።

ሠ) መደርደር። በዕቃዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይተዋል። ተጨናንቆ የታጨቀ ምድጃ ዳር ዳሩ ሲግል መካከሉ ይቀዘቅዛል።

ረ) ማጋል። ዕቃው ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ ይገባል፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው የምድጃው ቴርሞሜትር 250 ሲያሳይ ሳይሆን፣ በጭነቱ መካከል ያለው ዕቃ 250 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምድጃው በሞላ ጊዜ ብዙ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ሰ) ማቀዝቀዝ። ምድጃው ጠፍቶ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች እስኪወርድ በሩ አይከፈትም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሥራ በጀመረበት ዓመት ቸኩሎ በሩን በመክፈቱ ከደርዘን የሚበልጡ ብልቃጦች በአንድ ጊዜ ሲሰነጠቁ ቆሞ ተመልክቷል። ከስብራቱ ሌላ፣ በድንገት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር አቧራ ይዞ ስለሚገባ የተደከመበትን ሁሉ ያበላሻል።

ሸ) ማስቀመጥ። የተጋገረበት ቀን፣ ሙቀቱና ደቂቃው ተጽፎ ይለጠፋል። ዕቃው ደረቅና ዝግ በሆነ ቦታ ይቀመጣል። ፎይሉ የተቀደደ፣ የተከፈተ ወይም እርጥበት የነካው ዕቃ እንዳልተጋገረ ተቆጥሮ እንደገና ከመታጠብ ይጀምራል።

6. መርዙ መጥፋቱ እንዴት ይረጋገጣል?

መርዙ በዓይን ስለማይታይ ሥራው በእምነት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ምድጃው በአዲስነቱና ከዚያም በተወሰነ ጊዜ ይፈተናል። መጠኑ የታወቀ ኢንዶቶክሲን በጥቂት ብልቃጦች ውስጥ ተደርጎ፣ በምድጃው ውስጥ ሙቀት ዘግይቶ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ከተጋገረ በኋላ የቀረው መጠን ከመነሻው ከአንድ ሺህኛ የማይበልጥ ከሆነ ምድጃው ፈተናውን አልፏል ይባላል።

የቀረውን መጠን ለመለካት የሚያገለግለው ዘዴ የተገኘው ከባሕር እንስሳ ነው። የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርፊት ያለው ሊሙለስ የተባለ እንስሳ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይኖራል። ፍሬድሪክ ባንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 የዚህ እንስሳ ደም ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ሲነካው እንደሚረጋ ገለጸ። ከጃክ ሌቪን ጋር ሆኖም ከደሙ ሕዋሳት መመርመሪያ ፈሳሽ ለማግኘት የሚያስችለውን መንገድ አገኘ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1968 ታወቀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚመረመረው ፈሳሽና መመርመሪያው እኩል ተደርገው በተጋገረ ትንሽ ቱቦ ይቀላቀላሉ፤ በ37 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ሳይነቃነቁ ይቆያሉ። ከዚያም ቱቦው ይገለበጣል። ፈሳሹ እንደ እርጎ ረግቶ ከታች ተጣብቆ ከቀረ መርዝ አለበት፤ ከፈሰሰ ግን መርዙ ከተወሰነው ልክ በታች ነው ማለት ነው። ዛሬ ያለ እንስሳው ደም በፋብሪካ የሚሠራ ተመሳሳይ መመርመሪያም በሥራ ላይ ይገኛል። የመፈተኛው ቱቦ ራሱ በደረቅ ሙቀት ካልጸዳ ግን ምርመራው ሐሰት ይናገራል።

7. በመስክ ላይ ምን ይደረግ?

የልማት ሠራተኛው 250 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ይዞ ሊዞር አይችልም። የማኅበሩ የዳቦ ምድጃም ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የክትባት መርፌው የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎችም አይችሉትም። በመስክ ላይ መርዙን ማጥፋት ካልተቻለ ያለው ምርጫ መርዙ እንዳይፈጠር መከላከል ነው። ለዚህም የሚከተሉት መፈጸም ይኖርባቸዋል።

1ኛ) ተመላላሽ መርፌ ሥራው እንዳለቀ በዚያው ቀን ተፈታትቶ ይታጠብ፤ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ ይቀቀል፤ ከዚያም ደርቆ ይቀመጥ። መርዙን የሚያበዛው ደም የነካውን መርፌ በእርጥቡ በከረጢት ማሳደር ነው።

2ኛ) በደጋ አገር ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ መርፌው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቀቀል። የመቀቀያው ውሃ በየጊዜው ይለወጥ። ተቀቅሎ የወጣው መርፌ ሳይቀዘቅዝ ክትባት አይቀዳበት፤ ሙቀቱ ሕያው ክትባትን ይገድላል።

3ኛ) ደርቆ የመጣ ክትባት አብሮት በመጣው መበጥበጫ ብቻ ይበጥበጥ። የምንጭም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ቢፈላ እንኳ ምትክ አይሆንም፤ በፈላው ውሃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ መርዛቸው ግን አለ።

4ኛ) ባዶ የክትባት ብልቃጥ ታጥቦ ሌላ መድኃኒት አይሞላበት። ይህ ቁጠባ መስሎ የሚታይ፣ በኋላ ግን የሚያስከፍል ሥራ ነው።

5ኛ) የተበጠበጠ ክትባት በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የተረፈው ለነገ አይደር።

6ኛ) ከላቦራቶሪ የተላከ የናሙና ጠርሙስ ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ ክዳኑ አይነሣ። «ለጥንቃቄ» ተብሎ በውሃ ማለቅለቅ የተደከመበትን ጽዳት ያጠፋል።

ከክትባት በኋላ ችግር ቢታይ፣ ጊዜውን መለየት መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል። እንስሳው በደቂቃዎች ውስጥ ከወደቀ ሰውነቱ ለክትባቱ የሰጠው የአለርጂ ምላሽ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ብዙ እንስሳት በአንድነት ቢንቀጠቀጡና ቢያተኩሳቸው ትኩሳት አስነሺ መርዝ ይጠረጠራል። ከቀናት በኋላ በተወጋበት ቦታ መግል ከያዘ ግን ብዙውን ጊዜ በቆሸሸ መርፌ የገባ ሕያው ባክቴሪያ ነው።

ይሁን እንጂ ትኩሳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። እንደ ፓስቱሬሎሲስ ያሉ በሽታዎች ክትባት ከተገደለ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለአንድና ለሁለት ቀን ቀላል ትኩሳትና የመኖ ፍላጎት መቀነስ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለገበሬው ከመርፌው በፊት መንገር ይገባል። አስቀድሞ የተነገረው ገበሬ ይታገሣል፤ ያልተነገረው ግን ተታለልሁ ይላል። ከባድ ችግር ሲታይ የክትባቱ ዓይነትና የብልቃጡ መለያ ቁጥር፣ የመበጥበጫው ምንጭ፣ መርፌው እንዴት እንደጸዳ፣ የታመሙት እንስሳት ብዛትና ከመርፌው በኋላ የታየበት ሰዓት ተመዝግቦ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይቅረብ። የተረፈው ብልቃጥም ሳይጣል በቅዝቃዜ ይጠበቅ።

8. ማጠቃለያ

ተሐዋስን መግደልና የተሐዋስን መርዝ ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው መቀቀል በከፊል፣ አውቶክሌቭ ደግሞ በሚገባ ያገለግላሉ። ለሁለተኛው በላቦራቶሪ 250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ በመስክ ደግሞ ወዲያው ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅና የረጋ ውሃን መራቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ብዙ መሣሪያ ይጠይቃል። የሁለተኛው መሣሪያ ግን በየማኅበሩ ይገኛል፤ እርሱም ንጹሕ ውሃ፣ ደረቅ ጨርቅና የዛሬን ሥራ ለነገ አለማሳደር ነው።